የታረቁት ጎማዎች

ስንዱና ጓንጉል ሲፋቱ ሽማግሌዎች አሮጌዋን ጂፕ ለሁለት ከፈሏት፤ ቀኝ ጎኗ የእሱ፣ ግራ ጎኗ የእሷ ሆነ። የምትነዳው ስንዱ ናት። ጂፗ ጭቃ በገባች ቁጥር ታዲያ የሚሽከረከረውም የሚያልቀውም የስንዱ ጎማ ነው፤ የጓንጉል ጎማ ቆሞ ያያል።

“ቁርጥ ባለቤቱን!” ትላለች።

ነገሩ ሲመርራት ሜካኒክ ዘንድ ሄደች።

“ከተገለበጠ ጂፕ የፈታሁት ዲፈረንሻል አለኝ” አላት ሜካኒኩ። “ሲቆለፍ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል ያዞራል።”

“ግጠምልኝ፣ ወንድሜ! ጓንጉልን ማሠራት ቢያቅተኝ ጎማውን እንኳ ላሠራው።”

በገበያ ቀን ረግረጉ ላይ ስትደርስ ቆለፈችው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ዞሩና ጂፗ ጭቃውን ሰንጥቃ ወጣች። ከገበያ ሲመለሱ ቆመው ያዩ የነበሩት እነዚያው ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ስንዱ በደስታ ክላክሷን እያንጫረረች ዞራ ዞራ ማታ ቤቷ ገባች።

ጓንጉል አልጋው ላይ ፍራሹን አንጥፎ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

“አንተ! ምን ልትሠራ መጣህ?”

“ሽማግሌዎቹ ልከውኝ ነው” አለ አንገቱን ደፍቶ። “‘ጎማዎቹ ታርቀው የማትታረቁ እናንተ ማን ናችሁ?’ አሉኝ።”

ጫማውን አልጋው ሥር ገፋ አደረገ።

“ራት ደርሷል?”