ጥጥ ያለበት ጫማ

አያንቱ ዛሬ ወጥመዷ ውስጥ የገባውን አይጥ ጆሮው ላይ ባለው ቀለበት አወቀችው። እርጅናን የሚያስቆመው መድኃኒት በባሌ የዱር አይጦች ላይ ሲሞከር፣ በእጇ መርፌ የወጋችው ግልገል ነው። ያኔ ለልኬት የሚፈለጉት ያደጉት ብቻ ስለነበሩ፣ ግልገሎቹን ሳትለካ ለቀቀቻቸው። ያደጉት፣ ወንዱም ሴቷም፣ በነበሩበት ልክ ጸኑ፤ አንድም አልታመመም። እሷም ይህን አይታ፣ እሰየው ብላ፣ ልጇን ሲፈንን በሰባት ዓመቷ ያንኑ መድኃኒት አስወጋቻት።

ወንድ አይጥ ሲጎለምስ ከእናቱ ይረዝማል። ይሄኛው ግን ከስንት ዓመት በኋላም ከመዳፏ አላለፈም። ምነው ያኔ አንዱን እንኳ ጠብቃ ለክታው በነበር!

ማታ ቤት ስትገባ ሲፈን ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አያንቱ «ታድግበታለች» ብላ፣ ከመርፌው በፊት ሁለት ቁጥር አስበልጣ የገዛችው ጫማ ነው። እኩዮቿ አግብተው ወልደዋል፤ የጫማው ሶል ስንቴ ተቀይሯል፤ ጫፉ ላይ የተጠቀጠቀው ጥጥ ግን ዛሬም አልወጣም።

«እማ፣ ጥጡ አርጅቷል፤ ቀይሪልኝ» አለቻት ሲፈን።

«እሺ፣ የኔ እናት» አለች አያንቱ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራም አዲስ ጥጥ ትጠቀጥቅ ጀመር።