የጋፋት ገል

ማስተዋል የጥቁሩን ጨርቅ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አሸተተችና መልሳ ሸፈነችው። ገሉ ጭስ ጭስ ይላል። ጋፋት አፈር ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የተቀበረ የሸክላ ስባሪ አፈር አፈር ቢል እንጂ ጭስ ጭስ ማለት አልነበረበትም።

«እትዬ ጌጤ፣ እሳት ነክቶታል እንዴ?»

እትዬ ጌጤ ደጃቸው ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ከክንዳቸው የደረቀ ጭቃ ይፍቃሉ። ከልጅነታቸው ጀምረው ሸክላ የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ ጥያቄውም ገረማቸው። ገሉን ከማሳቸው ዳር ቆፍረው ሲያወጡት እርጥብ ነበር። እርጥብ ሸክላ ደግሞ ከሳቸው ቤት ወጥቶ አያውቅም። ድስት ውስጥ ከተው፣ ድስቱን ፍም ላይ ጥደው፣ ደህና አድርገው አደረቁት። ከዚያ በታዘዙት መሠረት ፀሐይ እንዳያየው በጥቁር ጨርቅ ጠቀለሉት።

ጥፋቱ የማስተዋል የራሷ ነው። ከደብረ ታቦር ደውላ ፀሐይ እንዳያየው ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃለች፤ ስለ እሳት ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሸክላ ሠሪ እጅ የገባ ነገር መጨረሻው እሳት መሆኑን አገር ያውቃል። ዕድሜዋን በሸክላና በብርጭቆ ጥናት የጨረሰችው ዶክተር ብቻ ዘነጋችው።

ውጭ አገር በነበረችባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ሥራዋ የኑክሌር ቆሻሻ የሚታሸግበትን ብርጭቆና ሴራሚክ ጨረር ውስጥ ውስጡን እንዴት እንደሚጎዳው መለካት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ቀጥሯት ደብረ ታቦር ስትገባ ያንኑ እውቀት ይዛ ወደ አሮጌ ሸክላ ዞረች። አፈር ራሱ ትንሽ ጨረር አለው። የተቀበረ ሸክላ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጎዳል፣ ጉዳቱንም ያጠራቅማል። ሲያግሉት የተጠራቀመው ሁሉ ብርሃን ሆኖ ይወጣና ሸክላው ይድናል። ያን ብርሃን የለካ ሰው ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ያየው መቼ እንደሆነ ያውቃል። ብርሃኑ የሚወጣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ብርሃኑን ለሚለካው የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ስትጽፍ ገሉ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከተቀለጠበት ምድጃ ግድግዳ የወጣ ነው ብላለች። ሁለት ዓመት ለምና አንድ ናሙና ብቻ ፈቀዱላት። አሁን ያ ናሙና ዕድሜው ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ሆኗል።

ሴትዮዋን ላለማስከፋት ቃል እየመረጠች ይህንኑ አስረዳቻቸው። እትዬ ጌጤ ጭቃቸውን መፋቅ ተዉ።

«እንግዲያ ያየሁት እሱ ነው በይኛ።»

«ምን አዩ?»

በጎረቤት አጥር በኩል ቃኘት አደረጉ። ሸክላ ሠሪ እሳት ላይ ያየችውን ሁሉ አታወራም፤ ስም ለማውጣት የተዘጋጀ ሰው ሞልቷል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነፋስ ስለነበር በሩን ዘግቼው ነበር። ቤቱ ጨለማ ነው። ጎንበስ ብዬ ድስቱ ውስጥ ባይ ገሉ ያበራል። ገና መች ጋለ! ብጫ ብርሃን ነው፣ ትንሽ ቆየና ጠፋ። በማግስቱ ደግሜ ብጥደው እንቢ አለኝ» አሉ።

ሁለተኛው ቀን እንቢ ማለቱን ማንም ከራሱ ፈጥሮ ሊናገረው አይችልም። ማስተዋል ይህን ብርሃን የምታውቀው ኮምፒውተር ላይ በሚሰመር መስመር ብቻ ነው፤ በዓይኗ አይታው አታውቅም። የመቶ ሃምሳ ዓመት ብርሃን ለዓይን አይበቃምና። በዓይን ከታየ፣ ጭቃው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ጉና ተራራ እሳት ይተፋ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ያጠራቀሙት ነው ማለት ነው። ያ ደግሞ ገሉ እትዬ ጌጤ እጅ እስኪገባ ድረስ እሳት የሚባል ነገር አላየም ማለት ነው። እሳት ያላየ ምድጃ የለም።

ከገሉ የተረፈ ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ጌጤ አቀረቀሩ። ከዚያ ተነሥተው ገቡና ከእንቅብ ሥር ግማሽ ገል ይዘው ተመለሱ። አሮጌ ገል ወቅጠው አዲሱ ጭቃ ውስጥ ካልደባለቁበት እንስራው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እሳት ላይ ሳይጥዱት ለሁለት ሰብረው አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው ነበር። «ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፣ ልጄ» አሉ፣ ደብቀው እንደነበር ፊታቸው እየመሰከረ።

ማስተዋል ግማሹን ተቀብላ ወዲያው በጨርቁ ሸፈነችው። ናሙናው ተርፏል። ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ብትሄድ ደብዳቤዋም እንዳማረበት ይቆያል፤ ውሸት ከሆነም ቤተ ሙከራው በጊዜው ይነግራታል። ለመሄድ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ቆመች።

«ፍሙ አለ?» አለች።

ከገሉ ጠርዝ አውራ ጣት የምታህል ፍንካች በድንጋይ መትታ አነሣች። እትዬ ጌጤ በሩን ዘጉ፣ ድስቱንም ጣዱ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ማስተዋል ፍንካቿ ባታበራ፣ ደብዳቤዬ እውነት ቢሆን እያለች ስትመኝ ራሷን ያዘችና አፈረች።

ፍንካቿ አበራች።

ፈዛዛ ብጫ ነው፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ። አንድ ሰው ይህን ጭቃ አብኩቶ፣ ጠፍጥፎ፣ አድርቆ፣ ሳይተኩሰው ትቶታል፤ ማን እንደሆነና ለምን እንደተወው ማንም አያውቅም። ከምድጃው ግድግዳ አይደለም። የሁለት ዓመት ልመናዋ ዓይኗ እያየ ገደል ገባ፤ እሷ ግን ፊቷን ወላፈኑ እስኪለበልባት ድረስ ጎነበሰች።

«ይኸውልሽ» አሉ እትዬ ጌጤ በሹክሹክታ።

ብርሃኑ ደከመና ጠፋ። ማስተዋል ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል፣ ሌላ ፍንካች እንዲሰብሩላት የቀረውን ገል በጨለማው ዘረጋችላቸው።