የሦስተኛው ክር ድምፅ

«የሴቶቹን ዝጋው» አለ አቶ ወልደሩፋኤል። ቀነዓ ቁልፉን ወደ ግራ አዞረ፤ እልልታው ጠፋ።

«አሁን ደግሞ የመድረኩን።»

የፊታውራሪ ዘነበ ንግግርም መሀሉ ላይ ተቆረጠ። ከሦስቱ መቅጃዎች አንዱ ብቻ እየዞረ ቀረ፤ ሕዝቡ መሀል ተተክሎ የነበረው። ጉርምርምታ፣ የበቅሎ ኮቴ፣ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ጮኸ፤ «ላፍቲ ኩን ከን ኬኛ!»

ቀነዓ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ነቀምቴ ውስጥ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ የኪራይ ክፍል ሥራ ከጀመሩ አራተኛ ቀናቸው ነው። አቶ ወልደሩፋኤል ፊልም አንሺ ነው፤ ፊታውራሪ ዘነበ በሲሬው እርሻቸው ትራክተራቸውን ሲያስመርቁ እንዲያነሳላቸው ከአዲስ አበባ ያስመጡት። ምስሉ ለብቻው ዲዳ ነው። ድምፁ በሦስት ክር ለየብቻ ተቀድቷል፤ ሦስቱን መርጦና መጥኖ ከምስሉ ጋር ማስማማት የቀነዓ ድርሻ ነው። ሥራውን ያገኘው ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ስለሚያውቅ፣ እጁም ከማሽን ጋር ስለሚስማማ ነበር።

«ምን አለ ሰውየው?»

«አልሰማሁትም ጋሼ። ጫጫታው…»

«ጫጫታውንማ ዘጋነው» አለ አቶ ወልደሩፋኤል ፈገግ ብሎ። «መልሰው።»

መለሰው። ሦስቱ ክሮች አብረው ሲዞሩ ጩኸቱ በእልልታው ተውጦ የሰው ድምፅ መሆኑ እንኳ አይለይም ነበር። አሁን ግን ደጅ ቆሞ የሚጣራ ያህል ጠርቶ ተሰማ። ከመናገሩ በፊት ሁለቴ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሲሬ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጉሉማ፤ ኤሱማው፣ የእናቱ ወንድም። አባቱ የሞተ ጊዜ በበቅሎ አፈናጥጦ ነቀምቴ ትምህርት ቤት ያስገባው፣ እስኪጨርስም ድረስ በየወሩ ስንቅ ተሸክሞ የተመላለሰለት።

«ይህ መሬት የኛ ነው፣ ነው ያለው» አለ ቀነዓ በመጨረሻ።

«ማነው?»

«አላወቅሁትም።»

አቶ ወልደሩፋኤል ሲጋራ ለኮሰ። «ስማ፣ ለፊልሙ ቢሆንማ ምን ገዶኝ። ቆርጠህ ትጥለውና አበቃ። ሰውየውን የፈለጉት ፊታውራሪ ናቸው። ዛሬ ስሙን ካላገኘሁ ቅዳሜ መቅጃውን ሲሬ ገበያ አወርድና ይህችን ጩኸት ቀኑን ሙሉ አሰማቸዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የሚያውቀው አይጠፋም።»

እንደማይጠፋ ቀነዓም ያውቃል። የጉሉማን ድምፅ የሲሬ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀነዓ የሲሬን ሰው አንድ በአንድ በልቡ አሳለፈ፤ ማንም የማይደርስበት ሰው ፈለገ። አገኘም።

«ጨመዳ ነው» አለ።

ጨመዳ ጓደኛው ነው፤ ሲያገባ ሚዜው ቀነዓ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ለፊታውራሪ እርሻ ሲባል ከመሬቱ ተነቅሎ፣ ሚስቱን ይዞ ርቆ ጊዳ አያና ገብቷል። «ደህና ደርሰናል፣ ከእንግዲህ አንመለስም» ብሎ የጻፈውም ለቀነዓ ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ ማን ይፈልገዋል?

«ግን አሁን ሲሬ የለም» ብሎ ጨመረ። «ለዚያች ቀን ብቻ መጥቶ ነው። ጊዳ አያና ተመልሷል።»

አቶ ወልደሩፋኤል በሩን ከፍቶ ፊታውራሪ ለዚሁ የላኩትን፣ በረንዳው ላይ ዝናብ የተጠለለውን ፖሊስ ጠራ። አሥር አለቃ ተካ የሲሬ ሰው ነው።

«ጨመዳ?» አለ ተካ። «ጨመዳማ እዚሁ ሲሬ ነው። ሚስቱ ቀለሟ እናቷ ቤት እንድትታረስ ብሎ አምጥቷት የለ? ይኸው ወለደች። ትናንት ቅቤ ሲገዛ አግኝቼ እንኳን ማርያም ማረችልህ ብየዋለሁ።»

«በል፣ ቀለለልን!» አቶ ወልደሩፋኤል ወደ ቀነዓ ዞረ። «እርግጠኛ ነህ አይደል? ኋላ ተሳስቼ ነበር ብትለኝ ሌላ ስም አምጣ ማለቴ አይቀርም።»

ተሳስቻለሁ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቃል ቀጥሎ ግን ቅዳሜ መጣበት፤ ገበያው፣ መቅጃው፣ ዞር ዞር እያለ ጉሉማን የሚያይ ሰው።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ለይተህ ቁረጥልኝ። ክፍተቱን በእልልታ ድፈነው።»

ቀነዓ ክሩን ስቦ በምላጭ ቆረጠ። ቁራጩን ጠቅልሎ በትንሽ ጣሳ ከተተና ክዳኑ ላይ የጓደኛውን ስም ጻፈ። ከዚያ የሴቶቹን እልልታ ለክቶ አመጣ፤ ስፌቱ እንዳይታወቅ አድርጎ ቀጠለው።

ተካ ጣሳውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። መውጫው ላይ ቆም አለ። «አንተ ቀነዓ፣ የቀለሟ እናት ቤት ከወፍጮው በታች ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እዚያ ሁለት ቤት አለ።»

«የሣር ክዳኑ ነው» አለ ቀነዓ። «በሩ ወደ ወንዙ የዞረው።»

«ውሻም ያላቸው ይመስለኛል።»

«አላቸው። በስሙ ከጠራኸው ግን አይነካህም።»

«ማን ይሉታል?»

ቀነዓ ነገረው። ተካ የካፖርቱን ኮሌታ አቆመና፣ እንዳይረሳው «ጉራቻ፣ ጉራቻ» እያለ ዝናቡ ውስጥ ገባ።