ድርብ ጨርቅ

የልብስ ሰፊዋ መቀስ ውሃ ላይ እንደሚያንዣብብ ወፍ ከጨርቁ በላይ ቆመ። እስከ ዛሬ መንትያ ልጆቿን ስታለብስ አንዷን ብቻ ለክታ፣ ጨርቁን ደርባ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ትቆርጥ ነበር። አሁን ግን ከድርቡ አረንጓዴ አጠገብ ያልተደረበ ሰማያዊ ተዘርግቷል። አረንጓዴው ሁሉን የሚቀበለው የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም ነው፤ ሰማያዊው ፈተና ያለፈ ብቻ የሚገባበት ትምህርት ቤት። ያለፈችው ደግሞ አንዷ ብቻ ነበረች።

«የቱን ልቁረጥልሽ? መቀስ ከገባ መመለስ የለም፣ ልጄ» አለቻት ያለፈችዋን።

ልጅቷ ስፒል በከንፈሯ የያዘችውን እህቷን አየች። በመስኮቱ ብርሃን የጨርቅ ብናኝ ቀስ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር።

«አረንጓዴውን።»

እህቷ ስፒሉን ከአፏ አወጣች። «አንቺ ሞኝ! ብቻዬን ብሄድ ጅብ ይበላኛል ብለሽ ነው?» ሰማያዊውን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።

እናትየው መቀሱን አስቀምጣ ሜትሯን አነሳች፤ ሁለቱንም ለየብቻ ለካቻቸው። ትከሻቸው እኩል አልነበረም።