የዝሆኑ ገጽ ጎብኚ

አሳታሚው አቃፊውን በሁለት እጁ አንስቶ ክብደቱን ለካና ሳይከፍተው መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ድረ ገጽ እንዳላት ጠየቃት። ሴትዮዋ የኅትመት ዲዛይነር ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ፖስተርና የመድኃኒት ካርቶን ስትነድፍ ኖራለች። የሠራችው ሁሉ ያ አቃፊ ውስጥ ነበር። የለኝም አለች። አሳታሚው ሲኖራት ተመልሳ ብትመጣ ደስ እንደሚለው ነገራት።

እቤቷ ገብታ ሌላ ከተማ ለምትሠራው ልጇ ደወለች። ልጅቷም በስልክ ታስተምራት ጀመር።

ትምህርቱ ጨጓራ የሚልጥ ነበር። ወረቀት ላይ ያስቀመጡት ነገር ባስቀመጡት ቦታ ያድራል። እዚህ ግን መስኮቱን ትንሽ ጠበብ ሲያደርጉት ርዕሱ ወርዶ ሥዕሉ ላይ ጉብ ይላል። ዲዛይነሯ ስክሪኑን በማስመሪያ ለካችው። ገጹን በወረቀት አትማ በቀይ እስክሪብቶ አረመችና ፎቶ አንስታ ለልጇ ላከችላት። ልጅቷ ይሄ ወረቀት አይደለም ብላ ብታስረዳት፣ ችግሩም እሱ ነው ብላ መለሰችላት።

ቢሆንም እጇ እየተፍታታ ሄደ። የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያሳይ የጎብኚ መቁጠሪያ ሳይቀር ጨመረችበት። ልጅቷ ጥቂት የሚቀር ነገር እንዳለ፣ እሱንም ለእረፍት ስትመጣ አብረው እንደሚጨርሱት ነገረቻት። እናትየዋ ግን ገጹ ስሟን ተሸክሞ ሲከፈት ካየች በኋላ የቀረ ነገር አልታያትም። ለአሳታሚው ያልነገረችው መጀመሪያ ትንሽ ላሳምረው ብላ ነው። ወረቀት ለምትገዛበት ባለሱቅ ግን ድረ ገጽ እንዳወጣች አወራችለት። ባለሱቁ ደግሞ ወሬ የሚያሳድር ሰው አይደለም፤ የታናሽ እህቷም ደንበኛ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠችው ዝሆኑን ነበር። ጃንጥላ የያዘ ዝሆን ያለበት፣ በአንድ ወቅት ሽልማት ያገኘ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን። ዝሆኑን የሣለችው ታናሽ እህቷ ናት። ፊደሉን፣ ቀለሙንና አቀማመጡን የሠራችው ዲዛይነሯ። ሽልማቱ ሲመጣ ተጣሉ። ታናሽየዋ ያለ ዝሆኑ ባዶ ወረቀት ነበር አለች። ታላቅየዋ ቦታ ባልሰጠው ኖሮ ዝሆኑ መቆሚያ አያገኝም ነበር አለች። ታናሽየዋ እርሳሶቿን ሰብስባ አብረው ከሚሠሩበት ክፍል ወጣች። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ቀብር ላይ እንኳ ጎን ለጎን ቆመው ሳይነጋገሩ ተለያይተዋል።

ዲዛይነሯ ከሥዕሉ ሥር የራሷን ስም ብቻ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ግን ልቧ አላርፍ አለ። ገጹን እየከፈተች ስሙን ታሳንሰዋለች፣ ወደ ቀኝ ትገፋዋለች፣ መልሳ ታጎላዋለች።

በዚያው ሰሞን መቁጠሪያው መቁጠር ጀመረ። አንድ ሰው በየቀኑ ይገባል። ሌላውን ሥራ ገረፍ አድርጎ ያልፍና ዝሆኑ ገጽ ላይ ሲመላለስ ይውላል።

ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረችም። ያንን ዝሆን ይህን ያህል ደጋግሞ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እህቷ ማስረጃ እየሰበሰበች ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ጠበቃ ይዛ ትመጣባታለች። ለልጇም ትንፍሽ አላለችም። የእህትማማች ገመና ነው።

አንድ ቀን ብስጭት ብሏት ስሟን ጭራሽ አጠፋችው። እንደገና ጻፈችው። ደግማ አጠፋችው። የዚያን ዕለት ጎብኚው ከሌላው ቀን ሁሉ አብዝቶ ተመላለሰ። ይሄማ የማደርገውን ሁሉ እያየች ነው አለችና ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ታናሽየዋ ለሱቆች ማስታወቂያ ሰሌዳ ትጽፋለች። በሩን የከፈተችው ብሩሽ እንደያዘች ነበር። እህቷን ስታይ ብሩሹን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ታላቅየዋ አልተቀመጠችም።

«በየቀኑ ድረ ገጼ ላይ የምትገቢው አንቺ ነሽ?»

ታናሽየዋ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገችው። ከጠራ በኋላም ጠረገችው።

«አዎ፣ እትዬ። እኔ ነኝ።»

«ምን ፈልገሽ?»

«ዝሆኑን ላየው።»

«እና?»

«ያምራል። ስሜ ግን የለበትም።»

ታላቅየዋ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ተወችው። ዛሬም ገብታ እንደነበር ጠየቀቻት። ዛሬማ ደጋግማ እንደገባች ታናሽየዋ ነገረቻት። ታላቅየዋ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄን ሁሉ ከምትመላለሺ በሬን ብታንኳኪ ምን ነበረበት?»

«ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ማምሻውን ታላቅየዋ የእህቷን ስም ከራሷ ስም አስቀድማ አስገባች። መስመሩ እየዘለለ ፍዳዋን አበላት፤ በመጨረሻ ግን ረጋ። ብዙም ሳይቆይ ታናሽየዋ እርሳሶቿን ይዛ ወደ ድሮው ክፍል ተመለሰች። የጎብኚው መመላለስ ከዚያ በኋላ ቀነሰ። ዲዛይነሯን ይሄ አልገረማትም፤ እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ ምን ቆርጧት ድረ ገጽ ትከፍታለች።

ልጅቷ ለእረፍት መጣች። አክስቷን ከእናቷ ጠረጴዛ ማዶ ስታያት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እናቷ ነገሩን ከሥር ጀምሮ አጫወተቻት፦ ስለ ጎብኚው፣ እህቷ ማስረጃ የምትሰበስብ መስሏት ስለመብገኗ፣ ኋላም እህቷ በገዛ አፏ ስለማመኗ። አክስትየዋ አቀርቅራ እርሳስ ትቀርጻለች። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ ጥቂት ነካካች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ይሄ ገጽ እኮ ገና ኢንተርኔት ላይ አልወጣም፤ ከዚህ ኮምፒውተር ውጭ ማንም ሊያየው አይችልም።»