በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል

ሳምራዊት ረቂቅ ቅንጣቶችን አጋጭቶ ለሚያጠና ምርምር የተሻሻለውን የሙዮን መቁጠሪያ የምትሞክረው ሸማ ተራ፣ ከጋሼ ደምመላሽ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ነው። ሙዮን ከሰማይ የሚወርድ ረቂቅ ቅንጣት ነው፤ ጣሪያም ሰውም አያግደውም። የመቁጠሪያውን ሁለት ተደራራቢ ሰሌዳዎች ሰንጥቆ ባለፈ ቁጥር መሣሪያው ጢጥ ይላል።

ረፋዱ ላይ ጋሼ ደምመላሽ በሩን በርግደው ገቡ።

«ይህን ሲጮህ የሚውል ጉድ ዛሬውኑ ታወጪልኛለሽ።»

«ጋሼ፣ ማንንም አይጎዳም» አለችና እጇን በሰሌዳዎቹ መካከል ዘረጋች። ጢጥታው ቀጠለ። «እርስዎም ይሞክሩት።»

በንዴት እጃቸውን ሲያስገቡ መሣሪያው ዝም አለ። ሲያወጡ ቀጠለ።

ሳምራዊት ገመዶቹን ፈተሸች፤ ሁሉም ደህና ነው።

«እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች።

ዓይን ዓይኗን እያዩ እጃቸውን መለሱት። መሣሪያው ዝም አለ። በሌላው እጃቸው ከጀርባቸው ያለውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።