በካሴት የተፈተነ ድምፅ

«ስልኩን እንዳትዘጋው፣ አንድ ጊዜ!» አለች አማል፣ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው እየሳበች። ቢጫውን ሽቦ ሰካች። ቀዩ እንቢ አላት።

እናቷ ወይዘሮ ዙህራ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ ጢም ብሎ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከውስጡ ጎርናና የወንድ ትንፋሽ ይሰማል። ልጅሽ ኡበይደላ ነኝ ብሏል።

ለኡበይደላ ግን አልቅሰውለታል። የተሳፈረባት ጀልባ የመን ሳትደርስ ሰጠመች ተብሎ፣ እዚሁ አዳማ፣ እዚሁ ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰደቃው ወጥቶ፣ እርማቸውን አውጥተዋል።

ባለፈው ረመዳንም አንዱ ልጅሽ ነኝ ብሎ ደውሎ ነበር። የአባታቸውን ስም፣ የሰፈሩን መስጊድ፣ አማልን ወንድሟ «አሚ» ብሎ እንደሚጠራት ሳይቀር ያውቃል። ሲጣራ አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ፤ መንገድ ላይ አብረውት ከነበሩ ልጆች አፍ የለቀመው ወሬ ነው። ያን ሰሞን እናቷ ውሃ እንኳን አልወርድ ብሏቸው ክሊኒክ ተኝተው ነበር። ስለዚህ አማል ዛሬ ይህን ድምፅ እንደሰማች ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በስደት መንገድ ላይ የማያወራው ነገር ምንድን ነው?

ከቁም ሳጥኑ አናት ያወረደችው የድሮ ቲቪ ጌም ነው። ሟች አባታቸው ሹፌር ሳሉ ከሞጆ ይዘውላቸው የመጡት፣ እሷና ኡበይደላ በልጅነታቸው የተጣሉበትም የታረቁበትም። ካሴቶቹ ከነአቧራቸው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አሉ። የላያቸው ወረቀት ገና ድሮ ተላጧል፤ ለአብዛኞቹ ጨዋታዎች ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ሙዚቃ አሰማሃለሁ» አለች ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ። «እኔና አንተ ምን እንደምንለው ትነግረኛለህ።»

«አሚ፣ እስር ቤት ነው ያለሁት። ስልኩ የኔ አይደለም። ዘበኛው ካየኝ ይቀማኛል።»

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ መልስ።»

የመጀመሪያውን ካሴት አስገባች። ቀጭን፣ ፈንጠዝያ የበዛበት ሙዚቃ ቤቱን ሞላው።

«የቱቦው ሰውዬ» አለ ድምፁ ወዲያው።

ወይዘሮ ዙህራ «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ሊነሱ ሲሉ አማል በእጇ መለሰቻቸው። «ይሄንንማ የማያውቅ የእኛ ዘመን ልጅ የለም፣ እማ።»

እጇን ወደ ከረጢቱ ስትሰድ አረንጓዴው ካሴት መጣላት። ሁለት ሰዎች በፊኛ ተንጠልጥለው ውሃ ላይ ይበራሉ፤ ዝቅ ያለውን ሰው ዓሣ ዘሎ ይውጠዋል። ኡበይደላ ሶደሬ መዋኛው ውስጥ ከመስጠም ከተረፈበት ቀን ጀምሮ የዚህ ጨዋታ ስም «ሶደሬ» ነው። ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ትንሽ አመነታችና አስገባችው።

ሙዚቃው ጀመረ።

«እሺ?»

«አጥፊው።»

«መጀመሪያ ስሙን ንገረኝ።»

«አጥፊው አልኩሽ!»

«አታውቀውም ማለት ነው።»

አማል እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ያ አጭበርባሪም ጥያቄ ሲበዛበት ልክ እንዲህ ነበር የተቆጣው። «እማ፣ ስጪኝ ልዝጋው።»

«አልሰጥም!» እናቷ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «አንድ ብቻ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ አንድ ብቻ ሞክሪ።»

እናቷን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ሌላ ካሴት ሰካች። ሙዚቃ የለም። ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ ይርገበገባል፤ ስፒከሩ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይጮኻል። አውጥታ አፏን አስጠጋችና በኃይል ነፋችበት። መልሳ ስትሰካው ያው ጩኸት። አውጥታ እንደገና ነፋችበት።

«ኧረ አትንፊበት!»

ከስልኩ ነው። ጎርናናው ድምፅ ድንገት የተነጫነጨ ልጅ ሆኗል።

«ስንቴ ልንገርሽ? ምራቅሽ ነው የሚያበላሸው! ወረቀት አጥፈሽ በግራ በኩል ከሥሩ ሸጉጪ። ቀስ ብለሽ ደግሞ፤ ስትቸኩይ ትሰብሪዋለሽ።»

አማል ካሴቱን መልሳ ሰካች። ከዚያ ከእናቷ የመድኃኒት ካርቶን ክዳኑን ቀደደች፤ አጠፈችው፤ በግራ በኩል ሸጎጠችው። ጩኸቱ ተቋረጠ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ሙዚቃው መጣ።

«ኡቤ» አለች።

«ሶደሬን ለምን ከፈትሽብኝ?» አለ፤ እያለቀሰ ነው። «ከዚያ ባሕር የወጣነው እኮ ጥቂት ነን፣ አሚ።»

ወይዘሮ ዙህራ ስልኩን ከከንፈራቸው ጋር አጣበቁት። «በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ እማ። እደውላለሁ። መጣ፣ ዘበኛው መጣ፣ እደ...»

መስመሩ ተቋረጠ። ወይዘሮ ዙህራ እሪ አሉ።

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታቸው ዘርፉ ነጠላዋን ለለቅሶ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች፤ በኡበይደላ ለቅሶም ከድንኳኑ ሳትወጣ አብራቸው የሰነበተች ናት። «ምነው? ዙህራ! ደግሞ ማን ሞተ?»

ወይዘሮ ዙህራ እያለቀሱም እየሳቁም በጣታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠቁማሉ። ዘርፉ ዞር ብላ አየች። አውራ ጣት የሚያክል ቀይ ሰውዬ በሙዚቃ ታጅቦ፣ ማንም ሳይነካው ባለበት ይረግጣል። አንዴ እሱን፣ አንዴ እናትና ልጁን አየች።

«ኡበይደላ ነው» አለች አማል። «ደወለ።»

ዘርፉ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን እንደ ወትሮው ወደ ታች መለሰችው።